የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ባለአንድ እጁ የቤዝቦል ተጫዋች ፒት ግሬይ

ባለፈው እትማችን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ውድድር፣ በሜጀር ሊግ፣ ስለተጫወተው ባለአንድ እጅ ተጫዋች፣ ስለ ፒት ግሬይ፣ አጭር ማስታወሻ ማውጣታችን ይታወሳል። ማስታወሻው ከታተመ በኋላ ከአንባቢያን ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱን መርጠን መልስ ሰጥተናል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ልጄ ተወልዶ ያደገው እዚህ አሜሪካ በመሆኑ ከስፖርት ሁሉ አብልጦ የሚወደው ቤዝቦልን ነው። ስለ ፒት ግሬይ ያወጣችሁትን ሳነብለት «ያሰለፉት ጎበዝ ስለነበረ ነው ወይስ ሰው ጠፍቶ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ተመልካች ለመሳብ ያመጡት ሰው ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የተሰናበተውም ችሎታ ስላልነበረው ነው» አለኝ። እውነቱ የቱ ነው? አንድ እጅ ብቻ ያለው ሰውስ ኳሱን ከያዘ በኋላ እንዴት አድርጎ ይወረውረዋል?

መልስ

ውድ አንባቢያችን፣ ልጅዎ ያነሡት ጥያቄ በ1945 የግሬይ የቡድን ጓደኞች ራሳቸው ሲከራከሩበት የነበረ ነው። በእኛ እምነት በሩን የከፈተው ጦርነቱ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ግሬይ እስከ በሩ ድረስ የመጣው በገዛ እግሩ ነው። ይህን ለማሳየት ታሪኩን ከ1945 በፊት መጀመር ይኖርብናል፤ ብዙ ሰው በፍርዱ የሚሳሳተው ያችን አንዲት ዓመት ብቻ ነጥሎ ስለሚመለከት ነው።

ፒት ግሬይ በትክክለኛ ስሙ ፒተር ዋይሽነር ይባላል። መጋቢት 6 ቀን 1915 ናንቲኮክ በተባለች የፔንሲልቬንያ የድንጋይ ከሰል ከተማ፣ ከሊትዌኒያ ከፈለሱ ወላጆች ተወለደ፤ አባቱም የማዕድን ሠራተኛ ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ግድም ከተሳፈረበት ጋሪ ላይ ወድቆ ቀኝ እጁ በመንኮራኩሩ ዘንጎች መካከል ስለገባ፣ ሐኪሞች ከክርኑ በላይ ቆረጡት። እስከዚያች ቀን ድረስ ሁሉን ነገር የሚያደርገው በቀኙ ስለነበር መብላቱንም፣ መጻፉንም፣ መጫወቱንም በግራው እንደ አዲስ መማር ነበረበት። ዱላ ይዞ በባቡር ሐዲዱ ዳር ጠጠር እየመታ ለረጅም ሰዓት ይለማመድ ነበር፤ አንድ እጁ ሙሉ ክብደት ያለውን የቤዝቦል ዱላ ለማወናጨፍ የሚበቃ ፍጥነትና ጉልበት ያገኘው በዚህ ዓይነት ልምምድ ነው።

የጃፓን ጦር በታኅሣሥ 1941 ፐርል ሃርበርን ከደበደበ በኋላ ግሬይ ለውትድርና ልመዝገብ ብሎ ጠይቆ ነበር፤ በአካሉ ምክንያት አልተቀበሉትም። በዚያው ክረምት፣ በጥር 1942፣ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ለቤዝቦል የበላይ ኃላፊው ለኬንሶ ማውንቴን ላንዲስ በጻፉት ደብዳቤ፣ ለውትድርና ዕድሜያቸው የደረሰ ተጫዋቾች ያለ ጥርጥር መዝመት እንደሚገባቸው፣ ይሁን እንጂ ሕዝቡ ከሥራ ብዛት የሚያርፍበት መዝናኛ ስለሚያስፈልገው ውድድሩ ቢቀጥል መልካም እንደሆነ ገለጹ። በጦርነቱ ዓመታት ከ500 በላይ የሜጀር ሊግ ተጫዋቾች የወታደር ልብስ ለብሰዋል፤ ከነሱም መካከል ጆ ዲማጂዮ፣ ቴድ ዊልያምስ፣ ቦብ ፌለርና ሃንክ ግሪንበርግ ይገኙበታል። ቡድኖቹ ቦታውን በሽማግሌዎች፣ በሕፃናትና ለውትድርና ብቁ አይደሉም በተባሉ ሰዎች ሞሉት። ሲንሲናቲ ሬድስ በሰኔ 1944 ጆ ናክስሆል የተባለ የ15 ዓመት ልጅ ለወርዋሪነት (ለመቺው ኳስ ለሚወረውረው ቦታ) አሰልፎ፣ ልጁ አንዱን ኢኒንግ (የጨዋታውን አንድ ዙር) ሳይጨርስ አምስት ነጥብ እንደተቆጠረበት መጥቀስ ይበቃል። (ናክስሆል ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ሙሉ ሰው ሆኖ፣ ወደዚያው ቡድን ተመልሶ የረጅም ዘመን ወርዋሪ ሆኗል።)

እንግዲህ ሰው ጠፍቶ ነበር የሚለው እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሰው በመጥፋቱ ከተጠሩት መካከል ግሬይን የሚለየው ነገር አለ፤ እሱ ከታችኛው ሊግ የመጣው በማስረጃ ነው። በ1942 በካናዳ፣ በኩቤክ ክፍለ ሀገር በምትገኘው ትሯ ሪቪየር ከተማ ቡድን ውስጥ በ42 ጨዋታዎች 0.381 የመምታት አማካይ አስመዘገበ። አማካዩ መቺው ካገኛቸው ዕድሎች ምን ያህሉን በተሳካ ምት እንደጨረሰ የሚያሳይ ሲሆን፣ 0.300 ያለፈ ሰው በየትኛውም ሊግ ጎበዝ ይባላል። ከዚያም ወደ ሜምፊስ ቺክስ ተዛወረና በ1944 አማካዩ 0.333 ሆነ፤ አምስት ሆም ራን (መቺው በሜዳው ያሉትን ማረፊያዎች፣ ቤዞቹን፣ ሁሉ ዞሮ ነጥብ የሚያስቆጥርበትን ምት) መታ፤ 68 ጊዜ ቤዝ ሰረቀ፣ ማለትም ኳሱ ሳይመታ በሩጫው ብቻ ወደሚቀጥለው ቤዝ ደረሰ። በዚያው ዓመት የደቡቡ ሊግ፣ ሳውዘርን አሶሲዬሽን፣ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። የሜጀር ሊጉ ቡድን ሴንት ሉዊስ ብራውንስ በ20,000 ዶላር የገዛው ይህን ካየ በኋላ ነው። ሽልማቱን የሰጡት ለእጁ አዝነው ነው የሚል ካለ፣ 68 የተሰረቀ ቤዝ በሐዘኔታ የሚሰጥ ነገር አለመሆኑን ልናስታውሰው እንወዳለን።

ስለ አያያዙና አወራወሩ ለጠየቁት፣ ግሬይ የሚጫወተው በሜዳው ጠርዝ፣ ከቤዞቹ በስተጀርባ ባለው ሰፊ ሣር ላይ ሲሆን ሥራው ወደ ላይ የተመቱ ኳሶችን ሮጦ መቅለብ ነበር። የጓንቱን ውስጥ ሙላት አብዛኛውን አስወጥቶት ስለነበር ጓንቱ ስስና ልል ነበር፤ ትንሿን ጣቱንም ከጓንቱ ውጭ ያደርጋት ነበር። ኳሱን በጓንቱ ከቀለበ በኋላ እጁን ወደ ደረቱ አምጥቶ ጓንቱን ከተቆረጠው ቀኝ ክንዱ ሥር፣ በብብቱ ይሸጉጠዋል፤ በዚያው ቅጽበት እጁን ከጓንቱ ሲያወጣ ኳሱ በደረቱ ላይ ተንከባልሎ ባዶ መዳፉ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ይወረውራል። ይህ ሁሉ እኛ በጽሑፍ ለመግለጽ ከፈጀብን ጊዜ እጅግ ባነሰ ጊዜ የሚያልቅ አንድ ወጥ እንቅስቃሴ ነበር። መሬት ለመሬት የሚመጣን ኳስ ደግሞ በጓንቱ ከፊቱ ካቆመው በኋላ ጓንቱን ጥሎ በባዶ እጁ ያነሣው ነበር። ያም ሆኖ በሜጀር ሊግ ደረጃ ሯጮች ትንሿን መዘግየት ማስላት ይችላሉ፤ ኳሱ ወደ ግሬይ በሄደ ቁጥር አንድ ቤዝ ጨምረው የሚሮጡ ነበሩ። ይህን መደበቅ ለእሱ ክብር አይጨምርለትም።

ሚያዝያ 17 ቀን 1945 ሴንት ሉዊስ ውስጥ ከዲትሮይት ታይገርስ ጋር በተደረገው የመክፈቻ ጨዋታ ተሰልፎ ከአራት ሙከራ አንድ ምት አገኘ። በግንቦት 20 ከኒው ዮርክ ያንኪስ ጋር በአንድ ቀን በተደረጉ ሁለት ጨዋታዎች በዱላውም በጓንቱም ጥሩ ሆኖ ዋለ፤ ብራውንስም ሁለቱንም አሸነፈ። ችግሩ የመጣው ወርዋሪዎች ካጠኑት በኋላ ነው። በሁለት እጁ ዱላ የሚይዝ መቺ ማወናጨፍ ከጀመረ በኋላ ኳሱ እንዳታለለው ሲያውቅ የላይኛው እጁ ዱላውን ሊያዘገይለት ወይም አቅጣጫውን ሊያስተካክልለት ይችላል። ግሬይ ግን አንዴ ከጀመረ መመለሻ አልነበረውም። በመሆኑም ፈጣን ኳስ ሲመጣለት በደንብ የሚመታ ሰው፣ ቀርፋፋና መንገድ ላይ የሚታጠፍ ኳስ ሲያበዙበት ዱላው እየቀደመ ያስቸግረው ጀመር። ዓመቱን በ77 ጨዋታ፣ በ234 ሙከራ፣ በ51 ምትና በ0.218 አማካይ ጨረሰ።

ይህ ዝቅተኛ ቁጥር ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ይመዘንልን። አንደኛ፣ በዚያ ዓመት በአሜሪካን ሊግ (ሜጀር ሊግ ከሚከፈልባቸው ሁለት ሊጎች በአንዱ፣ ብራውንስ በሚጫወትበት) በአማካይ አንደኛ የወጣው የያንኪሱ ስነፊ ስተርንዋይስ አማካይ ራሱ 0.309 ብቻ ነበር፤ ዘመኑ ለመቺዎች የተመቸ አልነበረም። ሁለተኛ፣ እኛን ከሁሉ የሚደንቀን፣ ግሬይ በ234 ሙከራ ኳሱን ሦስቴ ስቶ የወጣው 11 ጊዜ ብቻ ነው። ሁለት እጅ ካላቸው የዘመኑ ተጫዋቾች ብዙዎቹ በዚያን ያህል ሙከራ ከዚህ አብልጠው ይስቱ ነበር። ኳሱን ማግኘት አላቃተውም፤ ያቃተው በሚፈልገው ኃይልና በሚፈልገው ሰዓት ማግኘት ነው።

የሥራ ባልደረባዎ «ተመልካች ለመሳብ ነው» ያሉትም ከባዶ የተነሣ አይደለም። ብራውንስ በ1944 በታሪኩ ብቸኛውን የአሜሪካን ሊግ ዋንጫ ሲያነሣ እንኳ በሜዳው ያስተናገደው ተመልካች ዓመቱን ሙሉ ወደ 508,000 ብቻ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቡድን ስሙ በየጋዜጣው የወጣን ተጫዋች ሲገዛ የመግቢያ ገቢውን አላሰበም ማለት የዋህነት ይሆናል። ከተጫዋቾቹም ቅር ያላቸው ነበሩ። በ1944 ከቡድኑ መቺዎች 0.300 ያለፈው ማይክ ክሪቪች ቦታውን ከግሬይ ጋር መጋራቱ አስከፍቶት ነበር፤ በነሐሴም ወደ ዋሽንግተን ሄደ። ብራውንስ በ81 ድልና በ70 ሽንፈት፣ ከዲትሮይት በስድስት ጨዋታ አንሶ ሦስተኛ ሲወጣ፣ ዋንጫውን ያሳጣን ግሬይ ነው ያሉ ነበሩ። እኛ ይህን ፍርድ አንቀበለውም። ከቡድኑ ጨዋታዎች ግማሽ ያህሉን ብቻ የተጫወተ ሰው ብቻውን የስድስት ጨዋታ ልዩነት አያመጣም፤ ዲትሮይት ደግሞ ከሐምሌ ጀምሮ ከጦር ሜዳ የተመለሰው ሃንክ ግሪንበርግ ነበረው። መስከረም 30፣ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን፣ ግሪንበርግ በዘጠነኛው ኢኒንግ ሦስቱም ቤዝ ሰው ሞልቶባቸው ሳለ ሆም ራን መትቶ ለዲትሮይት ዋንጫውን ያረጋገጠው በብራውንስ ላይ ነው። ፒት ግሬይም ለመጨረሻ ጊዜ ሜጀር ሊግ የተጫወተው በዚሁ ጨዋታ ነው።

ስለዚህ ልጅዎ ለጠየቁት ጥያቄ መልሳችን፦ ጎበዝ ተጫዋች ነበር፤ ሰላም ቢሆን ኖሮ ግን ዕድሉን ባላገኘ ነበር፤ ዕድሉን ሲያገኝም ከባዱን ሊግ በአንድ እጁ ለመቋቋም የሚቻለውን ያህል ተቋቁሟል የሚል ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)

ግሬይ ከ1945 በኋላ ምን ሆነ? በጦርነቱ እጅና እግራቸውን ያጡ ወታደሮችስ ስለ እሱ ያውቁ ነበር?

መልስ

ያውቁት ነበር። በጦርነቱ ወቅት ግሬይ አካላቸው የጎደለ ወታደሮች ወደሚታከሙባቸው ሆስፒታሎች እየሄደ ያነጋግራቸው ነበር፤ ሲጫወት የሚያሳይ ፊልምም ይታይላቸው ነበር። ስለ ጀግንነቱ ሲያወድሱት ግን ጀግንነት ያለው በጦር ሜዳ እንጂ በቤዝቦል ሜዳ አይደለም እያለ ሙገሳውን ይመልስ ነበር። ውትድርናውን ተከልክሎ የቀረ ሰው የተናገረው መሆኑን ስናስብ ይህን የይሉኝታ ንግግር ብቻ አድርገን ልንወስደው አልቻልንም።

ከቆሰሉት ወታደሮች አንዱ ደግሞ ራሱ ሜዳ ገብቷል። በርት ሼፐርድ ከጦርነቱ በፊት በታችኛው ሊግ ይወረውር የነበረ የኢንዲያና ልጅ ሲሆን፣ የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ በግንቦት 1944 ጀርመን ውስጥ ተመትቶ ወደቀ። የጀርመን ሐኪሞች ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት፤ በእስር ቤት ሳለ አብሮት የታሰረ ካናዳዊ ሰው ሠራሽ እግር ሠራለት፤ እሱም በዚያው ግቢ መወርወር ተለማመደ። በእስረኞች ልውውጥ ከተመለሰ በኋላ ዋሽንግተን ሴኔተርስ ወሰደው፤ ነሐሴ 4 ቀን 1945 ቦስተን ሬድ ሶክስ በአንድ ኢኒንግ 12 ነጥብ ሲያስቆጥር፣ ሌሎቹ ወርዋሪዎች ሲደክሙ ተጠራ። የመጀመሪያውን መቺ ሦስቴ አስቶ አስወጣ። ከአምስት ኢኒንግ በላይ ወርውሮ ሦስት ምትና አንድ ነጥብ ብቻ ሰጠ። ከዚያች ቀን በኋላ በሜጀር ሊግ ውድድር ዳግመኛ አልተሰለፈም።

ግሬይ በበኩሉ ወታደሮቹ ሲመለሱ ወደ ታችኛው ሊግ ወርዶ በ1946 በቶሊዶ፣ በ1948 በኤልማይራ፣ በ1949 በዳላስ ተጫወተና አቆመ። ወደ ናንቲኮክ ተመልሶ ዕድሜውን እዚያው ከሰው ብዙም ሳይቀላቀል ኖረ፤ በሰኔ 2002 በ87 ዓመቱ አረፈ። ጓንቱ ኩፐርስታውን በሚገኘው የቤዝቦል ሙዚየም ይገኛል።

ጥያቄ (ከአትላንታ፣ ጆርጂያ)

ሰው እንዲህ ከጠፋ፣ የ15 ዓመት ልጅና ባለአንድ እጅ ሰው ሲያሰልፉ ጥቁር ተጫዋቾችን ለምን አልወሰዱም?

መልስ

አንባቢያችን ነገሩን ከሥሩ ነክተውታል። በጊዜው የነበሩ ጥቁር ጋዜጠኞችና ተጫዋቾችም ይህንኑ ይጠይቁ ነበር። የተጻፈ ሕግ አልነበረም፤ የቡድን ባለቤቶች ተማምነው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ በሩን ዘግተውት ነበር። ቀኖቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል፦ ግሬይ የመጀመሪያ ጨዋታውን ባደረገ ዋዜማ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1945፣ ጃኪ ሮቢንሰን፣ ሳም ጄትሮና ማርቪን ዊልያምስ የተባሉ ሦስት ጥቁር ተጫዋቾች በቦስተን ፌንዌይ ፓርክ ለሬድ ሶክስ ችሎታቸውን አሳይተው ነበር። ሮቢንሰን በመኮንንነት አገልግሎ ከጦሩ የተሰናበተ ሰው ነው። ቡድኑ ከሦስቱ አንዱንም አልጠራም። ሮቢንሰን በ1947 ከብሩክሊን ዶጀርስ ጋር ሜጀር ሊግ ገባ፤ ጄትሮ በ1950 በሌላኛው የቦስተን ቡድን፣ በብሬቭስ፣ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ፤ ሬድ ሶክስ ግን የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈው በ1959 ነው።

የግሬይ ቡድን ብራውንስም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለበት። በሐምሌ 1947 ሁለት ጥቁር ተጫዋቾችን፣ ሃንክ ቶምፕሰንንና ዊላርድ ብራውንን፣ ከጥቁሮች ሊግ ቡድን ከካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ አመጣ፤ ሁለቱም በጦርነቱ ያገለገሉ ነበሩ። ብራውን ነሐሴ 13 ቀን ከቡድን ጓደኛው ከጄፍ ሂዝ ዱላ ተውሶ በዲትሮይት ላይ ሆም ራን መታ፤ በአሜሪካን ሊግ በጥቁር ተጫዋች የተመታው የመጀመሪያው ነበር። ወደ ተጠባባቂዎቹ መቀመጫ ሲመለስ ሂዝ ዱላውን ሰብሮት ጠበቀው። ከቀናት በኋላ ቡድኑ ሁለቱንም አሰናበታቸው። ብራውን በሜጀር ሊግ የተጫወተው በጠቅላላው 21 ጨዋታ ሲሆን አማካዩም 0.179 ነበር፤ ከግሬይ ያነሰ መሆኑ ነው። ይኸው ሰው በጥቁሮች ሊግ ባሳለፈው ረጅም ዘመን በ2006 ኩፐርስታውን በሚገኘው የዝነኞች ማኅደር ውስጥ ስሙ ተመዝግቧል።